በእኔ ምክንያት የታሰረው ፕሮግራም

ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። ዳይሬክተራችን ለጋሽ ሐሙስ የጡረታ ሽኝት ልናገር ገና ከመነሳቴ "እትዬ፣ አጠር ይበል" ብለውኛል። ሰምቻለሁ፤ ቃል ግን አልገባሁም።

ጋሽ ሐሙስ፣ እርስዎም በሩን በሩን ማየትዎን ይተዉና ወደዚህ ይዙሩ። በሩ የትም አይሄድም። ከበሩ ወዲያ ያለው ማሽንም የትም አይሄድም። ወደ እሱም እመጣለሁ።

እኚህ ሰው እዚህ ሆስፒታል የመጡበትን ቀን ከዚህ ክፍል ውስጥ የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ወይ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል፣ ወይ ረስተዋል። ያኔ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። የያኔውን ዳይሬክተር ቢሮ እየወለወልኩ ሳለ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ለዚያች ቀን ብቻ አንቱታውን ላንሳው፤ ያኔ አንቱ የሚባል ሰው አይመስልም ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፣ ግንባሩን አልቦታል። በሽተኛ መስሎኝ "ወንድሜ፣ ድንገተኛ ክፍል በታች በኩል ነው" አልኩት።

"አመሰግናለሁ እትዬ፤ እኔ የመጣሁት ለኮምፒውተሩ ነው" አለኝ።

ዳይሬክተሩ ወደ ጥግ ወሰዱት። የሆስፒታሉ መዝገብ ሁሉ ያለበት ትልቁ ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ ያኔ የሚቀመጠው እዚያ ነበር፤ የአበባ ማስቀመጫም ላዩ ላይ ነበር። ሰውየው ማሽኑን ትክ ብሎ አየውና "ለመጨረሻ ጊዜ አፕዴት የተደረገው መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ዳይሬክተሩ አሰብ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ትናንት ወልውለሽዋል አይደል?"

"አዎ ጌታዬ፣ ከኋላውም ጭምር" አልኩ።

እናንተ ዛሬ ሳቃችሁ። እሱ ግን ያን ቀን አልሳቀም። የአበባ ማስቀመጫውን ቀስ አድርጎ አነሳና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "እጅዎ ይባረክ። በውጭ በኩል እንከን የለውም፤ በውስጥ በኩል ግን ከመጣ ጀምሮ የጎበኘው ሰው የለም" አለ።

ዳይሬክተሩ አንቺ ባሉኝ ክፍል ውስጥ እሱ እርስዎ አለኝ። ይህን አልረሳሁም። ሌላም ያልረሳሁት አለ፤ ትንሽ ቆዩ።

ከማጠቢያ ክፍልና ከወጥ ቤት የመጣችሁ፣ አፕዴት ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ ስትስቁ የኖራችሁ፣ ስሙኝ። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ፕሮግራም ሰው የሠራው ነገር ስለሆነ ቀዳዳ አያጣም። የሠሩት ሰዎች ቀዳዳውን ሲያገኙ መድፈኛ ይልካሉ። መድፈኛው ወጣ ማለት ግን ቀዳዳው የት እንደነበረ ሌባውም ሰማ ማለት ነው። ቶሎ የደፈነ ተኝቶ ያድራል። ያልደፈነ ሰው በሩን ክፍት ትቶ አድራሻውን ለሰፈሩ እንዳስነገረ ነው።

ጋሽ ሐሙስ የሚደፍኑት ሐሙስ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ስሙም ከዚያ ወጣላቸው። የደመወዝ ክፍሉ ሰውዬ "ሌላው ሰው አንድ ሐሙስ ቀረው ሲባል ይፈራል፣ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሐሙስ ይቀራቸዋል" ይል ነበር። ሥርዓታቸውን እዚህ ያለ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ማሽኑን ምን አዲስ ነገር እንደመጣ ይጠይቁታል። የመጣውን ዝርዝር በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች ያነቡታል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው የሚማጸኑ ይመስለዋል። ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣሉ። ጠረጴዛቸው ሥር ባለችው አሮጌ የሙከራ ማሽን ላይ ይሞክሩታል። ከዚያ በየመስኮቱ ይዞራሉ፦ "እናቴ፣ ለምሳ ስትነሺ እዘጋብሻለሁ።" "ወንድሜ፣ የጀመርከውን አስቀምጥ።" የጥርስ ሐኪማችን አንድ ቀን "ሕመምተኛዬ አፉን ከፍቶ ነው ያለው" ቢላቸው "እሱን አልነካም፣ አንተ ኮምፒውተሩን ልቀቅ" አሉት።

የፋርማሲ ኃላፊዋም አንድ ጊዜ ነገር ፈለገቻቸው። "የእኔ የቤት ኮምፒውተር ራሱ ነው የሚያድሰው። የእርስዎ ለምንድን ነው እንዲህ የሚለመነው?"

"የኔ እህት፣ ይሄ እንደ ቤትሽ ኮምፒውተር አይደለም፣ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው" አሏት። "ያዘዝሽውን ያደርጋል፣ ያላዘዝሽውን ይተዋል። ጥፋቱም ያንቺ ነው።"

ትእዛዙን ከጻፉ በኋላ ማሽኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፤ "ልቀጥል?" ይላል። ይህን ጊዜ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይወለውላሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። ከዚያ ይጫናሉ። ማሽኑ ሲጠፋና መስታወቱ ሲጨልም እስኪነሳ ድረስ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ላብራቶሪ ያለው ወንድማችን "ያን ሰዓት ደማቸውን ልቅዳ ብል ጠብ አይልም" ይላል። ባለቤታቸው እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይመስክሩ፤ ጋሽ ሐሙስ ቤት ውስጥ አምፖል እንኳ ሲቀይሩ የተቃጠለውን ከጎናቸው አስቀምጠው ነው፣ አዲሱ እንቢ ካለ የድሮውን ሊመልሱ። "የተቃጠለውን?" አልኳቸው ባለቤታቸውን። "የተቃጠለውን" አሉኝ።

ሳቁ። አሁን ወደማልስቅበት ልገባ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አባቴ "ለእሷ ይከብዳታል" ብሎ አስቀረኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማር፣ "አሁን ደግሞ ምን ያደርግልሻል፣ ራስሽን አታድክሚ" አለኝ። የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ሳይቀር "እማማ፣ ዓይንዎ ይችላል?" አለኝ። ሁሉም ለእኔ ብለው ነው። ለእኔ ሲሉ በየበሩ ቆመው መለሱኝ። እኔ ግን ተማርኩ። አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው፣ ግን አነባለሁ። በዚያም ካርድ ክፍል ገባሁ፤ ኮምፒውተሩም ሲመጣ መስኮቱ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ካርድ የተባልኩት ያኔ ነው።

የመመዝገቢያውን ፕሮግራም የለመድኩት በቦታው ነው። ስም ከላይ በግራ በኩል፣ የካርድ ቁጥር ከሥሩ፣ መመዝገቢያው አረንጓዴ፣ መሰረዣው ቀይ። እጄ ያውቀው ስለነበር ዓይኔ አይደክምም። ከማንም እኩል እሠራ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከምሳ ስመለስ ከፈትኩት። አረንጓዴው የለም። ስም ወደ ቀኝ ሄዷል። አዳዲስ ቃላት መጥተዋል፤ ረጃጅም ናቸው። መስኮቱ ፊት አንድ ጎልማሳ እናቱን ደግፎ ቆሟል፣ ከኋላው ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ከላይ ጀምሬ እያንዳንዱን ቃል ማንበብ ያዝኩ። ሦስተኛው ቃል ላይ ስደርስ ከሰልፉ አንዱ "ኧረ ምን እያደረገች ነው?" አለ። ሌላዋ "እማማ፣ የሚያውቅ ሰው ይጥሩልን" አለች። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው፣ ፊቱን አላየሁትም፣ "ፊደል የማታውቅ ሴት መስኮት ላይ ጎልተው እኛን ፀሐይ ላይ ያቆሙናል" አለ። ሰዉ ሳቀ። ያነበብኩት ቃል ጠፋኝ።

ጋሽ ሐሙስ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ነበር። ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ፕሮግራሙ ተበላሽቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትንሽ ታገሱን" አሉ። ሄደው የድሮውን መለሱት። አረንጓዴው ተመለሰ፣ ስም ወደ ግራ ተመለሰ። እኔም ተመስገን አልኩ። አዲሱ ፕሮግራም ብልሹ ነው ብዬ አመንኩ። ለሰውም እንደዚያ እያልኩ ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሐሙስ እንዳለፈ አልቆጠርኩም። የቆየ ነገር ነው። እሳቸው በየሐሙሱ ሌላውን ሲያድሱ ያንን ፕሮግራም አሰሩት፤ እንዳይነካ ለማሽኑ ነገሩት። ፕሮግራሞች ግን እንደ ዘመድ ናቸው። አንዱ ከቤት አልወጣም ሲል ያለ እሱ የማይሄዱት አብረው ይቀመጣሉ፣ እነሱን የሚጠብቁት ደግሞ እነሱን ብለው ይቀመጣሉ። ቀስ በቀስ የማሽኑ ግማሽ ቤተሰብ በአንድ ታሳሪ ምክንያት ቁጭ አለ። መድፈኛው በየጊዜው ይመጣል፣ ጋሽ ሐሙስ ያነቡታል፣ ያልፉታል።

ዘንድሮ የሆነውን ታውቃላችሁ። አንድ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ሌባ በእንደዚህ ዓይነት አሮጌ ቀዳዳ ገብቶ መዝገቡን ቆለፈባቸው። የማን ደም ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ ማየት አቃታቸው፤ ቀዶ ጥገናው ሁሉ ተላለፈ። እኛም ተሰበሰብን። ዳይሬክተራችን "የእኛስ?" ብለው ጠየቁ።

"ከፊሉ ወደ ኋላ ቀርቷል" አሉ ጋሽ ሐሙስ።

"ለምን?"

"በእኔ ውሳኔ።"

"ምክንያቱስ?"

"በእኔ ውሳኔ ነው።"

ጌታዬ ዳይሬክተር፣ ያን ቀን ያሉትን እዚህ ያለ ሁሉ ሰምቶታልና ስደግመው አይቆጡኝ። "በየሐሙሱ ትናንሹን መስኮት እየዘጉ ሲያስጨንቁን ኖረው፣ ዋናውን በር ለካ ወለል አድርገው ትተውታል" አሉ። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው በባልደረቦቹ ፊት እንደዚያ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እኔም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ በሆዴ "እውነታቸውን ነው" አልኩ።

ኋላ ሥራውን የምትረከበው ቴክኒሻን መጣች። እዚያ ጋ የቆመችው ናት፤ ቅጽል ስም ገና አልወጣላትም፣ ይመጣል። ከእኔ መስኮት አጠገብ ሆነው ማሽኑን ሲያሳዩዋት "ይሄኛው ለምንድን ነው የታሰረው?" አለቻቸው። ጋሽ ሐሙስ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ለአፍታ ነው ያዩኝ። "ይቆይ፣ እለፊው" አሏት።

በዚያች አፍታ ሁሉም ነገር ገባኝ። ምሳ ሰዓት ክፍላቸው ድረስ ሄድኩ።

"ጋሽ ሐሙስ፣ በእኔ ነው?"

መነጽራቸውን አወለቁ።

"ያ ፕሮግራም ተበላሽቶ ነበር?"

"አልተበላሸም ነበር።"

"ታዲያ የተበላሸችው እኔ ነበርኩ።"

"እትዬ፣ እንደዚያ አልወጣኝም።"

"አልወጣዎትም። ሳይነግሩኝ አሰሩት። ከሰው ፊት ሊያድኑኝ ብለው ነው፣ ይገባኛል። ግን ለምን አንድ ሳምንት ቁጭ ብለው ይለማመዱት አላሉኝም?"

"ይከብድዎታል ብዬ ነው" አሉ።

ጋሽ ሐሙስ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ባለበት ልንገርዎ፤ ስድቡን ከሰልፉ የሰማሁ ቀን እንደዚያ አላመመኝም። ያ ሰውዬ አያውቀኝም። እርስዎ ግን እርስዎ ብለው የጠሩኝ ሰው ነዎት። አባቴ ከቆመበት በር ላይ እርስዎንም ቆመው አገኘሁዎት። ተቀይሜያለሁ። አሁንም አልተወኝም፤ ወጥቶልኛል ብል ዋሸሁ።

ወጥቼ አልሄድኩም ግን። "የሙከራዋ ማሽን ላይ አዲሱን ይክፈቱልኝ" አልኩ። ከፈቱልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን እዚያ ነው የምበላው። መጀመሪያ ላይ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ እያደረጉ "ይሄ ስም ነው፣ ይሄ ደግሞ…" ይሉኝ ነበር። "እጅዎን ያንሱ፣ አነባለሁ" አልኳቸው። አነሱ። ከኋላዬ ሆነው ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ አንድ ቃል ላይ ስቆም እስትንፋሳቸውም ይቆማል። "ውጭ ሆነው ይተንፍሱ" አልኳቸው። ወጡ።

ዛሬ ጠዋት ማሰሪያውን ፈቱት። ቅጂው ተወስዷል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሕመምተኛ በእጅ በሚጻፍ ካርድ እንዲስተናገድ ካርድ ክፍል ያሉት እህቶቼ ተዘጋጅተዋል። ያ ሁሉ ተቀምጦ የኖረ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ሊነሳ ስለሆነ ዝርዝሩ መስታወቱን ሞልቶ ወደ ታች ፈሰሰ። ጋሽ ሐሙስ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ተረካቢዋም ከጎናቸው አነበበችው። ከሥሩ ማሽኑ "ልቀጥል?" አለ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ አደረጉ። እንደገና አወለቁ። እጃቸው ግን አልሄደም።

"ከግብዣው በኋላ እኔው እጫነዋለሁ። እስኪነሳም እቆያለሁ" አሉ።

ዳይሬክተራችን "ለምን ወደ ሰኞ አይገፋም?" አሉ። ተረካቢዋ "ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም" አለች፤ ገና ከመምጣቷ እንዲህ ማለቷ ደስ ብሎኛል።

እኔ "የምጫነው እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሽ ሐሙስ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። "ባይነሳስ?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ይቺ ልጅ አለች፣ ቅጂው አለ።"

"ይሁን። ተነስቶ፣ ነገ ጠዋት ሰልፉ ቆሞ፣ ቢጠፋብዎትስ?"

አልመለስኩላቸውም። ወደዚህ ክፍል ገባን፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ እሳቸው በሩን ሲያዩ እኔ እሳቸውን ሳይ ቆየን። አሁን ልመልስልዎ።

ሊጠፋብኝ ይችላል። የሙከራዋ ማሽን ፊት ሰልፍ የለም፣ የሚያቃስት ሕፃን የለም። ነገ ጠዋት ላብ ያሰምጠኛል። ያ ባለ ወፍራም ድምፅ ባይመጣ ወንድሙ ይመጣል፤ "ፊደል የማታውቅ" ይለኛል። እርስዎ ከኋላዬ አይኖሩም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ የሚሸፍነኝ ሰው አይኖርም። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። ስድቡን ሰምቼ፣ ቃሉን አንብቤ ጨርሼ፣ ካርዱን አውጥቼ፣ ለዚያው ለተሳደበው ሰው እጁ ላይ ሳስቀምጥ ራሴን ማየት እፈልጋለሁ። ያን ቀን ላየው ስል እርስዎ ቀደሙኝ። ነገ እንዳይቀድሙኝ።

ምስጋናዬ የቱ ጋ እንደሚያልቅና ቂሜ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት አቅቶኛል፣ ስለዚህ አብረው ይውሰዷቸው። ይህ ሆስፒታል አንድም ቀን መዝገቡ አልጠፋበትም። እናት የልጇን የክትባት ቀን ስትጠይቅ ነግረናታል። የደም ዓይነት ሲፈለግ ተገኝቷል። ማንም ለዚህ አላመሰገነዎትም፣ ያልተበላሸ ነገር ማን ያያል? ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ጥፋቱን በራስዎ ላይ ወስደዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ እኔ። ዳይሬክተራችን አሁን ሰምተዋል። ሊሉት የሚገባ ነገር ካለ ሰውየው ሳይሄዱ ይበሉት፤ እኔ ልጨርስላቸው ስለሆነ።

እንግዲህ ብርጭቆ ያለው ያንሳ፣ የሌለው ከጎኑ ይዋስ።

ጋሽ ሐሙስ፣ ጤና ይስጥዎ። የልጅ ልጆችዎን ለማየት ዓይን፣ ከባለቤትዎ ጋር ለመከራከር ጉልበት ይስጥዎ። ከዚህ ሲወጡ በዋናው በር ይውጡ፤ ዘበኛው ዕቃዎን ይዞ ቆሟል። ወደ ማሽኑ ክፍል እንዳይታጠፉ፣ ባለቤትዎ ክንድዎን ይዘው ይሂዱ። ነገ ጠዋት አይደውሉ። ከነገ ወዲያም አይደውሉ። ናፍቀን ስንጠራዎ ይምጡ፤ ለጨዋታ ነው የምንጠራዎ። ቢነሳም እኛ ነን፣ ባይነሳም እኛ ነን።

ለጤናዎ። ጠጡ። እኔ ብርጭቆዬን እዚህ አስቀምጫለሁ። ማሽኑ ጠይቆ ቆሟል፤ ሄጄ ልመልስለት።